የበጋውን ቋሊማ በልተህ

ኖቬምበር 4

ለቅርብም ለሩቅም ወዳጆች በሙሉ፦ የሂታን የሠራተኞች ስፖርት ክበብ የቋሊማ መቀቀያ ድስት፣ በየበጋው ተጫዋቹን ሁሉ ያበላው፣ ከረጅም የአገልግሎት ዘመን በኋላ ቂጡ ተበስቶ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩ በክበቡ ጓሮ፣ በቆሻሻው በርሜል ውስጥ፣ በእኔ እጅ ተፈጽሟል። ሊቀ መንበራችን ጉንቮር ምርር ብላ አለቀሰች።

አላለቀሰችም። «ድስቱ ቀርቶ አንተ በሄድክ ይሻል ነበር፣ ኤቨርት» ነው ያለችው።

ኖቬምበር 6

የልጅ ልጄ ቱቫ መጣች። ፊቷ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ። የሴቶች ባንዲ ቡድናችን አምበል ናት… በበረዶ ላይ፣ በቆልማማ ዱላ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ። እሷ ያሏት ሰባት።

«አባባ፣ በመጀመሪያው ግጥሚያ ካልሞላን ከውድድሩ እንሰረዛለን። ጭራሽ ባንዲው ይዘጋ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ስብሰባው ቀርቧል።»

«ማን አባቱ አቀረበው?»

«ቶርቫልድ።»

ያ አህያ! የነጻ ትግል አሠልጣኛችን ነው። አብሮ አደጌ። አዳራሹ በጉልበታም ሴቶች ልጆች ሞልቷል፤ አንዷን እንኳ አያውስም። «የኔ ልጆች የትግል ልጆች ናቸው፤ በረዶ ላይ አጥንታቸውን አልለቅምም» አለ አሉ።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ? በበጋ ኳስ የመታ ሰው ቅጠል ሲረግፍ ምንጣፍ ላይ ይታገላል፤ ሜዳው ውሃ ጠጥቶ በብርድ ረግቶ መስተዋት ሲሆን ጫማ ቀይሮ ይንሸራተታል። አንድ ማሊያ፣ አንድ ላብ። ራሱ ቶርቫልድ ክረምት ክረምት በረኛችን አልነበረም? አሁን ኳሱ ትግሉን አያውቀው፣ ትግሉ ጅምናስቲኩን…

ኖቬምበር 11

ጉንቮር ደወለች። መቶኛ ዓመታችን ስለሆነ ስብሰባው ላይ የክበቡን ታሪክ እንድናገር።

«አጭር አድርገው። ደግሞ እንዳትዋሽ።»

ሁለቱንም ባንድ ቀን? ሽማግሌ ላይ ጭካኔ ነው።

ኖቬምበር 19

ከስብሰባው መመለሴ ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከደስታ? ከዕድሜ?

ከምሥረታው ጀመርኩ። ከወንዙ ማዶ ያለው የጌቶቹ ክበብ «ጥላሸታሞች» ብሎ ከበር ሲመልሳቸው የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች የራሳቸውን አቋቋሙ። መሥራቹ አልቢን፣ የቶርቫልድ አያት። የመጀመሪያው ማሊያ ከሜይ ዴይ ሰልፍ በተረፈ ቀይ ጨርቅ ተሰፋ። ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ለቀቀ… ሰዎቹ ከአንገት እስከ ጉልበት ሮዝ ሆኑ። የማዶዎቹ «አሳማ! አሳማ!» እያሉ ሳቁ። የኛዎቹስ? «ኽርር! ኽርር!» እያሉ ሄደው ጎል አገቡባቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ጎል ስናገባ እንደ አሳማ እንጮኻለን።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቶርቫልድ ብቻ ክንዱን አጣጥፎ ጣሪያ ያያል። ቱቫ ጥፍሯን ትበላለች።

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ያምነዋል።

«አልቢን አንድ አባባል ነበረው። ‹የበጋውን ቋሊማ በልተህ፣ የክረምቱን በረዶ ሸሽተህ፣ የት ልትደርስ?› ይል ነበር።»

ቱቫ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች።

ቶርቫልድ ብድግ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«እውነቱን ነው» አለ። «አያቴ እንደዚያ ይል ነበር። እዚያ በሩ ላይ ቆሞ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

ንግግሬን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። እኔ!

ባንዲው ይዘጋ ያለውን ሐሳብ ራሱ መልሶ ወሰደው። «አራት ልጆች እሰጣለሁ። ግን አንዷ እግሯ ቢሰበር፣ ኤቨርት፣ ያንተን ነው የምሰብረው!»

«ዕድሜ ቀድሞሃል። ሌላ አካል ምረጥ።»

ዲሴምበር 2

ብርዱ መጣ! ሜዳውን ውሃ አጠጣነው፤ ነግቶ ስናየው መስተዋት። በረዶውን ለመጥረግ የኳስ ልጆችም፣ የጅምናስቲክ ልጆችም አካፋ ይዘው መጡ። ማን ጠራቸው? ማንም።

ሚርያ የምትባለው፣ ቶርቫልድ ካዋሰን ታጋዮች አንዷ፣ ትከሻዋ የቤት በር የሚያህል፣ ብቻዋን ተንሸራትታ በጀርባዋ ተዘረረች።

«ማንም ሳይነካኝ ስወድቅ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። ወደድኳት።

ዲሴምበር 14

የመጀመሪያው ግጥሚያ። ከማን ጋር? ከማዶዎቹ!

ቱቫ ሚርያን በረኛ አደረገቻት። በባንዲ በረኛ ዱላ የለውም፤ እጁ ብቻ። ብልህ ልጅ… አልን። የማዶዎቹ አጥቂ ብቻዋን እየበረረች መጣች። ሚርያ ኳሷን ተወችና ልጅቱን ወገቧን ጨብጣ፣ አንስታ፣ ቀስ አድርጋ እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኛቻት። ኳሷ ብቻዋን ተንከባልላ መረብ ገባች።

«ሁለቱም ትከሻ!» ቶርቫልድ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። «ሁለቱም ትከሻ ነክቷል! አሸነፈች!»

ሚርያ ተነሥታ፣ እንደ ትግል አሸናፊ ዳኛው እጇን ወደ ላይ እንዲያነሣላት ዘረጋችለት። ዳኛው መውጫውን አሳያት። የተዘረረችዋ ልጅ እንኳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ስምንት ለአንድ ተሸነፍን። አንዷን ቱቫ አገባቻት። ያኔ የነበረው ጩኸት! የኳሱ፣ የትግሉ፣ የጅምናስቲኩ ሰው ባንድ ላይ «ኽርርር!» ጉንቮርም፣ ሊቀ መንበሯ፣ ከቤቷ ባመጣችው ድስት ቋሊማ ስታድል፣ ጭልፋዋን እንደያዘች።

ቱቫ ከነዱላዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባባ፣ አሥራ አንድ ነበርን! አልተሰረዝንም!»

ስለ ስምንቱ ማንም አላነሣም።

ጃንዋሪ 6

ልምምድ ላይ ተቀያሪ ወንበሩ በአዲስ ልጆች ሞልቶ ሁለት ልጆች ቆሙ። ሚርያ አሁን ኳሷንም ትይዛለች… ብዙውን ጊዜ። ቱቫ በበጋ ትግል ልትጀምር ነው። ቶርቫልድ አዲስ ድስት ገዝቶ አመጣ፤ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያክል።

ሌላም ነገር አመጣ። ሰፊ ጣውላ፣ ፊደሉን በጋለ ብረት ራሱ የተኮሰው። መሰላሉን እኔ ያዝኩለት። ከክበቡ በር በላይ ሰቀለው፦ «የበጋውን ቋሊማ በልተህ፣ የክረምቱን በረዶ ሸሽተህ፣ የት ልትደርስ? — አልቢን።» ሕፃናቱን ሰብስቦ ሲያወራላቸው ሰማሁት። አያቱ ይህን ሲል በቀኝ እጁ ቋሊማ ይዞ ነበር አለ። ሰናፍጩ ጢሙ ላይ ነበር አለ።

ምን ልበል? መሰላሉን አጥብቄ ያዝኩ።

እዚህ ግን ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም። የማሊያው ነገር እውነት ነው። አሳማውም እውነት ነው። አባባሉ ግን የኔ ነው፤ ድስቱን በርሜል ውስጥ ስጥል የመጣልኝ።

አልቢን ደግሞ፣ ነፍሱን ይማር፣ ጨጓራ ነበረበት። ቋሊማ በአፉ አይዞርም ነበር።