የተቆረጠው የእጅ ፍሬን ፒን

ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.
ከተወለድሁ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር በሞላኝ ዕለት የተጻፈ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ሳልስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ዓይኗን ታክማ ተሻላት? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጆሮዬ መክበድና ከመነጽሬ ጋር በየዕለቱ ከምገጥመው ጠብ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ባለቤትህም ከአጠገብህ አትራቅ።

ማስተማር ካቆምሁ ወዲህ በአሮጌ የጦር ተሽከርካሪዎች ሙዚየም ውስጥ ስማቸው የጠፋ ዕቃዎችን እንደምለይ ታውቃለህ። ከየመጋዘኑ በሣጥን ታጭቀው የሚመጡ ብረቶች ናቸው፤ ከየትኛው መኪና እንደወለቁ የሚናገር የለም። እኔ የባዕድ ቋንቋ መመሪያዎችን በማጉያ እያነበብሁ ሥዕሉን እፈልጋለሁ፤ አባ መፍቻ ደግሞ ብረቱን ያገላብጣል፣ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ያሸታል። አንተ ሹፌር በነበርህበት የጦር ጋራዥ መካኒክ የነበረው፣ ከእስር ወጥተህ ስትዳር ሚዜ የሆነህ፣ ያው አባ መፍቻ። አንድ ቀን ከመመሪያዎቼ ሁሉ ያጣሁትን ጠማማ ብረት አይቶ፣ ይህስ ከመኪና ሳይሆን ከአማቴ አፍ የወለቀ ጥርስ ነው ብሎ፣ እንባችን እስኪወርድ ስቀናል። «አላውቀውም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ያንተ የጭነት መኪና መጣች። በበሯ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዝገቱ ሥር ይነበባል። ቁልቁለት ላይ አቁመሃት ከወረድህ በኋላ ተንሸራትታ፣ ከታች ዐርፈው የነበሩትን ሁለት ወታደሮች የገደለችው፤ የእጅ ፍሬን ሳትይዝ ወረድህ ተብለህ የታሰርህባት፤ ከዚያ ወዲህ መሪ እንዳትጨብጥ ያደረገችህ ያችው መኪና ናት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነዳትም። እሱ ቁጥሩን አይቶ ፊቱን አዞረና መፍቻውን ሊያመጣ ሄደ። ለእኔ አዝኖ መስሎኝ ነበር።

ስንፈታታት ከእጅ ፍሬኑ ዘንግ ሥር ለሁለት የተቆረጠ አንድ ማያያዣ ፒን ወደቀ። አባ መፍቻ አንሥቶ እንኳ ሳያየው «አላውቀውም፣ ጣለው» አለኝ። አልጣልሁትም። በማግስቱ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ፒን ጋር አስተያየሁት። የፋብሪካው ለስላሳና ወፍራም ነው፤ ይህ ግን ከተራ ቡሎን የተሠራ ሆኖ ቀዳዳው ወደ ጎን ያዘነበለ ነው፤ ጫፉም በሞረድ እንደ እርሳስ ሾሏል። እንዲያ የሚያሾል አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ወደ መኪናዋ ገብቼ የእጅ ፍሬኑን እጀታ አየሁት። ወንድሜ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ተስቦ፣ ጥርሱን እንደነከሰ ዝጓል። ይዘኸው ነበር። እንደማልኸው ይዘኸው ነበር፤ የከዳህ ፒኑ ነው።

ፒኑን ከአባ መፍቻ ፊት ሳስቀምጥለት ለመካድ አልሞከረም። ዋናው ፒን አልመጣም ነበር፤ የጋራዡ አዛዥ መኪናዋ ነገ ትውጣ ብሎ ሲያስጨንቀው ከቡሎን ቆርጦ ሠራ፤ ትክክለኛው እስኪመጣ ይይዛል ብሎ። ከአደጋው በኋላ መኪናዋን እንዲመረምር የታዘዘውም እሱ ብቻ ስለነበር፣ እጀታው ወርዶ አገኘሁት ብሎ መሰከረ። እንዴት ቻልህ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣

«ጋሼ፣ እኔ ልጆች ነበሩኝ። እሱ ላጤ ነው፣ ቶሎ ይፈቱታል አልሁ» አለኝ።

እስር ቤት ስንቅ ሳመላልስልህ ሳህኑን የሚሸከምልኝ እሱ ነበር። አባታችን የመጨረሻ ሕመማቸውን ታመው፣ ልጄ በቸልተኝነቱ የሰው ነፍስ አጠፋ እያሉ ሲያለቅሱ፣ ትራሳቸውን ከፍ ያደርግላቸው የነበረው እሱ ነበር። እሳቸው ይህን ይዘው ተቀበሩ። አንዲት ቃል ቢተነፍስላቸው ኖሮ! ቋንቋ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን ስም አጣሁለት።

በሙዚየሙ ደንብ በታወቀ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ የሁለት ሰው ፊርማ ያሻዋል። ካርዱን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ብዕሩን ሰጠሁት። አንብቦ መለሰልኝና «እኔ ስሞት አንጠልጥለው» ብሎ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይሆን እያልሁ አለመነሣቴን ብነግርህ እዋሻለሁ።

ነገር ግን ደንቡ፣ ሁለተኛው ፈራሚ ተሽከርካሪውን የሚያውቅ ይሁን ይላል እንጂ መካኒክ ይሁን አይልም። እሷን ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? ካርዱን ከዚህ ጋር አኑሬልሃለሁ፤ «የእጅ ፍሬን ማያያዣ ፒን። በጋራዥ የተሠራ። ፍሬኑ እንደተያዘ ተቆርጧል» ይላል። ከስሜ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ሙላና መልስልኝ።

ባለቤትህን በብዙ ናፍቆት ሳምልኝ። ለትልቋ ልጅህ፣ ለመንቶቹ፣ እንዲሁም ለአማትህ ለእትዬ ሰላምታዬ ይድረስ። ልጆቹን ሰብስበህ የአባታቸው እጅ ፍሬኑን ይዞት እንደነበር ንገራቸው፤ አንተ ካቃተህ ይህን ገጽ ትልቋ ታንብብላቸው።

ታላቅ ወንድምህ።

ይህን አሽጌ በገዛ እጄ ለፖስታ ቤት እሰጠዋለሁ።