የአምስት መቶ ዋት ሰላምታ

ሮም፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣
በሮም የኢትዮጵያውያን የሬዲዮ አማተሮች ክበብ ሊቀመንበር

ግልባጭ፦ ለአሥራ አራቱ የክበቡ አባላት፣ እንዲሁም ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ምግብ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ እንዲሁም አቬንቲኖ ሰፈር ከሚገኘው ሰገነትዎ ላይ ሦስት ክንዱን ዘርግቶ የቆመውን የአንቴናዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ እታገኘሁና ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ የምጠብቀው የሕንፃ በር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው ሳምንት የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በዚሁ ደብዳቤ የክበባችን የኃይል ማጉያ የተቃጠለው «በአሠራር ጉድለት» መሆኑን፣ እኔም የሠራሁት ሰው እንደ መሆኔ ጠግኜ እስከ ቅዳሜ የእንቁጣጣሽ ጠዋት እንድመልስ፣ በዕለቱም ከአዲስ አበባ ጋር የሚደረገውን የዘመን መለወጫ ግንኙነት እርስዎ ራስዎ ማይክሮፎኑን ይዘው እንደሚመሩ ገልጸውልኛል። ማጉያው ከተሠራ ሦስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት እኔ መሥራቴ በጽሑፍ የሰፈረው ገና አሁን፣ ሲቃጠል ነው። ለዚህ ክብር ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

ከሰሌዳው ሥር ቆመው የሚያነቡና ነገሩ እንግዳ የሆነባቸው ወገኖች እንዳይቸገሩ በአጭሩ ላስረዳ። እኛ አማተሮች ከቤታችን ሆነን በሬዲዮ ከዓለም ጋር የምንነጋገር ሰዎች ነን። ተራው ሬዲዮ መቶ ዋት ያህል ጉልበት አለው፤ ማጉያ ማለት ያንን ተቀብሎ ሕጉ እስከሚፈቅደው አምስት መቶ ዋት ድረስ የሚያሳድግ ሳጥን ነው። ውስጡ እንደ አምፖል የምትግል ቫልቮላ አለች፣ ማራገቢያ ይነፍስባታል። ሰው ሲናገር ትሠራለች፣ ሰው ሲያዳምጥ ታርፋለች። ዕረፍት ካጣች ትሞታለች። ይህን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ደብዳቤ ለመረዳት ምንም አያንሰውም።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማጉያውን ለመሥራት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ቫልቮላዋን የሰጡኝም ሙያውን ያስተማሩኝም ስድስት ዓመት ያስታመምኳቸው ሽማግሌ፣ የምድር ባቡር ኤሌክትሪሺያን የነበሩት ሲኞር ኦሬስቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሳጥኑን ከተጣለ የአሳንሰር መቆጣጠሪያ ቆረጥኩት፤ ጠመዝማዛውን ከውሃ መስመር የመዳብ ቱቦ በወይን ጠርሙስ ላይ ጠመዘዝኩት። ሲኞር ኦሬስቴ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፦ ከሁለት ሺህ ቮልት በላይ ያለበት ሳጥን ሲከፈት አንድ እጅ ይሠራል፣ አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ከገቡ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋልና። እርስዎ ከሕጉም አልፈው ሁለቱን ክረምት ሁለቱንም እጆችዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው መክረምዎን ሳልመሰክር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ማጉያው እርስዎ ዘንድ እንዲቀመጥ የተስማማነው አንቴናው እዚያ ስላለ፣ እሑድ እሑድም ተራ በተራ ልንቀመጥበት ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው እንግዳ አለብን ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ የምጠራው የመቃጠል ሽታ ሲኖር ብቻ ነው። መጥቼ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ሽቦ በታሰረበት የእንጨት ዘንግ አራግፋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ማራገቢያውን እቀይራለሁ፤ ልክ መሥራት ሲጀምር «ግራሲዬ፣ አቶ ግዛቸው፣ ቫ ቤኔ ኮዚ»፣ ማለትም አመሰግናለሁ፣ ይበቃል፣ ተብዬ በሩ ይከፈትልኛል። ከብራዚልም ከጃፓንም ሰው ሲጣራ ከኋላዬ እየሰማሁ ደረጃውን እወርዳለሁ።

፫ኛ. እኔ አንቴና ለመትከል የሕንፃችንን ኮንዶሚኒዮ፣ ማለትም የነዋሪዎቹን ማኅበር፣ ስምንት ዓመት ለመንኩ፤ የሕንፃውን ውበት ያበላሻል ተባልኩ። የእርስዎ በአንድ ስብሰባ ተፈቀደ። ስለዚህ የእኔ አንቴና የእታገኘሁ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ላዩ ካልሲ፣ ውስጡ መዳብ። ቅናት ነው ካሉኝ፣ አዎን፣ ቅናት ነው። የሰው ሚስት አልተመኘሁም፣ የሰው መኪና አልተመኘሁም፤ ያንን ባለ ሦስት ክንድ አንቴና ግን ተመኝቻለሁ። ለንስሐ አባቴም ተናዝዣለሁ። አንቴናው ምን እንደ ሆነ ስላልገባቸው ይመስለኛል፣ ቀለል ያለ ቀኖና ነው የሰጡኝ።

፬ኛ. ወደ ዋናው ልምጣ። ሳህለ የሚባለው፣ እርስዎ በየእሑዱ ከአዲስ አበባው የአማተሮች ጣቢያ የሚያነጋግሩት ሰው፣ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ቴሌ ውስጥ አንድ የማሠራጫ አዳራሽ አብረን ሠርተናል፤ አንድ ቀን የራሳችንን ማጉያ በገዛ እጃችን እንሠራለን ብለን ተማምለናል። በ1984 እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ፣ ተጠፋፋን። ዘንድሮ በጥምቀት ማግሥት በትንሿ ሬዲዮዬ እርስዎን ሳዳምጥ የመለሰልዎ ድምፅ የእሱ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔ ጓደኛ በእኔ ማጉያ ከእርስዎ ጋር ሲጫወት፣ ሠርግ ያልተጠራ ጎረቤት በአጥር እንደሚያይ ሆኜ እሰማለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

አንድ እሑድ ሳህለ ድምፅዎ እንዴት እንዲህ እንደ ጠራ ጠየቀዎ፤ ማጉያው የማን ሥራ እንደ ሆነም ጠየቀዎ። እርስዎም «የጣሊያን ሥራ ነው» አሉት። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማግኘት ኩዌስቱራ በሚሉት ፖሊስ መምሪያ ደጅ ስድስት ዓመት ጠንቻለሁ፤ እርስዎ ግን ያለ ቴምብርና ያለ ፎቶግራፍ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጣሊያናዊ አድርገውኛል። እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል? የዚያኑ ዕለት አላስችል ብሎኝ መካከል ገብቼ ስሜን ጠራሁ። መቶ ዋቴ አዲስ አበባ ባይደርስም ፒኜቶና አቬንቲኖ ቅርብ ናቸውና እርስዎ በደንብ ሰሙኝ። «አቶ ግዛቸው፣ ትንሽ ይጠብቁ» አሉኝ። ያ የካቲት ላይ ነበር። እየጠበቅኩ ነው። የሳህለን ስልክ ቁጥር ስለምንዎም እልክልዎታለሁ ብለውኝ ነበር፤ የመዘግየቱ ጥፋት የፖስታ ቤቱ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

፭ኛ. ስለ «አሠራር ጉድለቱ»። ቫልቮላዋ በሞተችበት እሑድ ሰዓት ይዤ ነበር። ሳህለን እንዴት ሰነበትክ አሉት፤ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ጤፉ ጠየቁት፤ ስለ ራስዎም ቤት በዝርዝር አስረዱት፤ ይህን ሁሉ ጣትዎን ከማይክሮፎኑ ቁልፍ ሳያነሱ በሙሉ ኃይል ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ጃፓናዊ አማተር ስሙን ነግሮ፣ ድምፅህ ደርሶኛል ብሎ፣ በአሥር ሰከንድ ይሰናበታል። ቫልቮላ የሰው እናት ጉልበት አያሳስባትም፤ ቀላች፣ ከዚያ ሞተች። «ሰላምታ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ» ብዬ ማጉያው ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህንን የሠሪው ጥፋት ማለት፣ በአክብሮት ለመናገር፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። እዚህ ላይ ፈርሜ ባበቃው ኖሮ እንዴት ያለ ኩሩ ደብዳቤ በሆነ! ነገር ግን እሑድ መጣ።

የሲኞር ኦሬስቴን የመጨረሻ መጠባበቂያ ቫልቮላ ተክዬ ማጉያው ድኖ ነበር። የተጠገነ ነገር መፈተን አለበት፤ ለኅሊናዬ ያልኩት እንደዚያ ነው። ከልብስ ማስጫው ገመድ ጋር አገናኘሁት። እርስዎ ኦስቲያ የባሕር ዳርቻ እንደ ነበሩ አውቃለሁ። በተለመደው ሰዓት ጠራሁ፣ ሳህለም ወዲያው መለሰ፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡር ሊቀመንበር» ብሎ። በዚያ ሰዓት በዚያ ኃይል ከሮም የሚመጣ ድምፅ የእርስዎ ብቻ ነውና አልፈረድኩበትም፤ ግን እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። ግዛቸው ነኝ አልኩት። ከዚያ «አንተ ሰው፣ አለህ እንዴ?» አለኝ።

የምናገረው በወረቀት ተጽፎ ከፊቴ ነበር፦ ማጉያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የማልነውን ፈጽሜአለሁ፤ ስልክህን ንገረኝ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ነገር ግን ሃያ ሦስት ዓመት የተለዩትን ሰው ሰላም ሳይሉ እንዴት ወደ ጉዳይ ይገባል? እንዴት ነህ አልኩት። እናትህስ አልኩት። እኅትህ አገባች ወይ፣ ስንት ልጅ ወለድክ፣ የአዳራሹ ዘበኛ ሻምበል አሉ ወይ፣ ያ የሚያነክሰው ሾፌርስ፣ የቤት አከራያችን እትዬስ፣ ጉበትህን ያምህ ነበር ተሻለህ ወይ እያልኩ፣ ምናልባትም የሞቱትን ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ እያልኩ፣ ጣቴን ሳላነሳ ቀጠልኩ። ሰዓት አልያዝኩም። እታገኘሁ ከወጥ ቤት መጥታ «ግዛቸው፣ ሳጥኑ ቀላ!» ስትል ዞር አልኩ። ቫልቮላዋ ፍም መስላ ነበር። ጠቅ ብላ ጠፋች።

ከዚያ በኋላ እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። «ግዛቸው፣ ጠፋህብኝ፣ ግዛቸው» እያለ ሩብ ሰዓት ያህል ጠራኝ። በመቶ ዋቴ ጮኽኩ። በባዶ አፌም በመስኮት ጮኽኩ፤ ከላይኛው ፎቅ «ባስታ!» ተባልኩ። ለእታገኘሁ ጥፋቱ ገመዱ ላይ የተሰጣው እርጥብ አንሶላዋ ነው ብላት፣ «አሎራ፣ ሲያወራ የነበረው አንሶላው ነው?» አለችኝ። የአብዬን እከክ የት እንደምልክከው ጠፋኝ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ የአሠራር ጉድለት መኖሩን በይፋ አምናለሁ። ማጉያውን የሠራሁት በሲኞር ኦሬስቴ ንድፍ ነው፤ የአበሻ ሰላምታ እንዲችል አድርጌ መሥራት ነበረብኝ። ሁለት ቫልቮላና ሁለት ማራገቢያ ያስፈልገው ነበር። ይህን ማወቅ የነበረብኝም እኔ እንጂ ሲኞር ኦሬስቴ አልነበሩም።

ሰገነትዎ ከመብረቅ፣ አንቴናዎ ከነፋስ፣ ወንበርዎ ከምርጫ ተጠብቆ ዘመኑን በጤና እንዲቀበሉ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ክብር ሁሉና ላልሰጡኝም ተራ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ከመቅናት ያልቦዘነው፣
ግዛቸው
የማጉያው ሠሪ (በእርስዎ ደብዳቤ ገጽ አንድ፣ መስመር አራት መሠረት)

ታኅሣሥ ሳይገባ ሌላ ቫልቮላ ስለማይገኝ ይህን እጨምራለሁ፦ ቅዳሜ ማጉያ የለም። የእርስዎ አንቴና ግን በመቶ ዋትም ሳህለ ዘንድ ያደርስዎታል፤ በዚህም እቀናለሁ። ድምፅዎ ለምን እንደ ቀጠነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲጠራኝ እሰማው እንደ ነበር ይንገሩልኝ፤ ማጉያውን የሠራሁትም እኔ መሆኔን ይንገሩልኝ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መናገር ከተቻለዎ የመጀመሪያውን ይንገሩት። ብቻ እባክዎ፣ ከሰላምታው በፊት ይሁን።