ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ውድ ወንድሜ እንዳሻው፣

ይህን ከጋራዡ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ለመጻፍ ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት አይሞላኝም፤ ሦስት ጊዜ ግን ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስልክ ልደውልልህ አስቤ ነበር። ድምፅህን ከሰማሁ ግን እንደ ወትሮው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ አውርቼ እንደምዘጋው ስለማውቅ ተውኩት።

የጋሽ በላይነህን መኪና ታውቃታለህ፤ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ሸቭሮሌት። ባለፈው ዓመት አስጠሩኝና ዓይናቸው ስለደከመ ከእንግዲህ እንደማይነዷት ነገሩኝ። "ካስነሳሃት ውሰዳት" አሉኝ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ እያሳዩኝ፣ "ይህቺ ፍሪሲዮን የላትም። ግራ እግርህን አትፈልገውም" አሉ።

እሳቸው እንደ ዋዛ ነው የተናገሩት። እኔ ግን የዚያኑ ቀን አስጎትቼ ጋራዥ አስገባኋት።

ካምቢዮዋ የድሮ አውቶማቲክ ነው፤ ወደፊት ሁለት ማርሽ ብቻ አለው። ጭሮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ከፍቶ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። መኪናዋ ለዓመታት ስለቆመች የዘይት መዝጊያ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ቀዩ ዘይት ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ወፍሯል። ያየ ሁሉ ይህን አውጥቼ ማንዋል እንድገጥምላት መከረኝ። ልክ ነበሩ፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። ለምን እምቢ እንዳልኩ ለማንም አልነገርኩም።

ካምቢዮውን አራት ጊዜ አወረድኩት። መጀመሪያ ዘይቱን አፈሰሰው። ቀጥሎ ወደ ኋላ ካልሆነ አልሄድም አለች። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ እየጮኸ ዳገቱ መሐል ቆመች፤ ለካ ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ክብ የብረት ሳህኖች ተበልተው አልቀዋል። ድሬዳዋ መለዋወጫ የምትሸጠው ሹክሪያ ሁለት ወር ፈልጋ አገኘችልኝ። ዘይት እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ጓርኒሲዮን በእጄ ቆረጥኩት። እንቅልፍ ብተኛም ጣቶቼ ብሎን ሲፈቱ ያድራሉ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም።

ስለዚያ ቀን በሰው ፊት የተናገርኩትን ታውቃለህ። የዓሊዩን የጫት መኪና ካምቢዮ ልታወርድ ከሥር ገብተህ ነበር፤ መኪናው ተንከባለለና ግራ እግርህን ከጉልበትህ በታች አጣህ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ "ጎማው ሥር ታኮ ሳያደርግ ነው የገባው" አልኩ። እማዬ አልጋህ አጠገብ ቆማ እያለቀሰች "አንተ ዝንጉ" ብላ ስትቆጣህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ሚስትህን ባየችን ይዘህ መሰላ ከገባህ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጭሮን አልረገጥክም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ "ምንም አላየም፤ ራሱ የረሳ ይመስለዋል" እያልኩ ተጽናናሁ።

ባለፈው ወር መኪናዋን ልሞክራት ግራ እግሬን አጥፌ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። በአንድ እግር መንዳት ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው። ዓሊዩ ያኔ ነው ወደ ጋራዡ የገባው። እግሬን አየ፤ ፔዳሎቹን አየ።

"ለእንዳሻው ነው?" አለኝ።

አዎ አልኩት። የመኪናዋን በር ይዞ ጎንበስ አለና፣ "ታኮውን ያነሳኸው አንተ መሆንህን እኮ ያውቃል" አለኝ።

ዓሊዩ ቀጠለ። "በሩ ላይ ያቆምከው ባጃጅ ሲንሸራተት ሮጠህ መጥተህ ታኮውን ከእኔ መኪና ጎማ ሥር ወሰድከው። እንዳሻው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሳለ እጅህን አይቷል። ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ ነገረኝ። 'ህሩይ ገና ልጅ ነው፤ ይህን ተሸክሞ አይኖርም' ብሎ ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ወላሂ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ሆነህ ሳይህ አቃተኝ።"

ልወርድ ተነሳሁ፤ እግሬ መታሰሩን ረስቼው በግንባሬ መሬት ላይ ወደቅሁ። ያነሳኝ ዓሊዩ ነው።

በማግስቱ ለእማዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። "እኔስ? በሥቃዩ ላይ የሰደብኩበትን አፌን የት ላድርገው?" አለችኝ። ከዚያ ሰባት ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ምግቤን አስቀምጣልኝ ትወጣለች። ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የዚያን ጊዜ ቃሌ ሐሰት እንደነበር አስመዘገብኩ። ምን እንደሚያደርጉ ገና አልነገሩኝም። የመጣው ይምጣ። ለጋራዡ ጎረቤቶችም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም።

ትናንት መኪናዋን ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ሞከርኳት፤ ግራ እግሬ እንደታሰረ ነው። ዝቅተኛው ማርሽ ላይ አድርጌ ለቀቅኳት። ሞተሩ ራሱ እየያዛት ወረደች፤ ፍሬን የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስመለስም ዳገቱን ሳትለግም ወጣችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቆሜ ሳያት፣ ለእግርህ ምትክ ይዤልህ እንደምመጣ ሆኖ ተሰማኝና አፈርኩ። እንዳሻው፣ ምትክ አይደለችም። አንተ መንዳት ትወድ ስለነበር ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ዓሊዩ ነገ ያደርስልሃል፤ እኔን ከማየትህ በፊት እንድታነበው ፈልጌ ነው። ቅዳሜ እማዬን ይዤ እመጣለሁ። ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ ዛሬ ጠዋት ልብሷን አጥባ አስጥታለች። እሷ ወደ ቤት ትግባ፤ የምትነግርህ የራሷ ነገር አላት። እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ። ልታየኝ ካልፈለግህ ቁልፉን እንድትቀበለኝ ባየችን ላካት፤ ሰጥቻት በሚኒባስ እመለሳለሁ፤ አልቀየምህም። ከጠራኸኝ ደግሞ፣ እባክህ ይቅርታ ለማድረግ አትቸኩል። አንተ ሦስት ዓመት ዝም ብለሃል፤ አሁን የፈለግኸውን ያህል ተናገረኝ፤ ቆሜ እሰማሃለሁ።

ወንድምህ ህሩይ
ጭሮ