የእታገኝ የሽምብራ ከረጢት

እማዬ፣

ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ለብሷል። «ሩዝ ደግሞ እህል ነው?» ትዪ አልነበር፤ ማሳሽ ዘንድሮ ሩዝ ብቻ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነው። እታገኝ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

በመጨረሻ ሰሞንሽ ጭንቀትሽ እሷ ነበረች። ነገር ቶሎ የማይገባት፣ አምስት እንኳ መቁጠር የማትችል ታናሼ እንዴት ትሆናለች ብለሽ «አፍ ሁኚላት» አልሽኝ። ሆንኩላት፤ መቼም ታውቂኛለሽ፣ ከልክ በላይ ሆንኩላት። አግብታም አርግዛም የምትጠየቀውን ሁሉ የምመልስላት እኔ ነበርኩ። ጤና ጣቢያ ሄደን «ምግብ ይስማማሻል?» ስትባል «ይስማማታል» የምል እኔ ነኝ።

አዋላጇ ግን አንዱን ነገር ሳትጨርስ ሌላ ሳትጀምር፣ ለራሷ ለእታገኝ ነበር የምታስረዳት። የማዋለጃውን አልጋ አስቀድማ አሳየቻት፣ ጋደም ብላም እንድትሞክረው አደረገች። ሁለት ኪስ ያለው የጨርቅ ከረጢት ሰጥታ፣ ፅንሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ሽምብራ ከግራው ኪስ ወደ ቀኙ አሻግሪ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉንም ወደ ግራው መልሺ አለቻት። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ስስቅባት ከረምኩ።

በመጨረሻው ቀጠሮ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፅንሱ ይንቀሳቀሳል ወይ ተብላ ስትጠየቅ እንደ ልማዴ ቀድሜ «በደንብ» አልኩ። አዋላጇ በትህትና ውጭ እንድቆይ ነገረችኝ። እየተቆጣሁ ወጣሁ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ያኔ እታገኝ ከረጢቷን ከፍታ አሳየቻት፤ ቀኑን ሙሉ የተሻገረው ሁለት ፍሬ ብቻ ነበር። ወዲያው በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዷት። አዋላጇ አብራት ሄዳ የሚደረገውን ሁሉ በቀስታ እየነገረቻት፣ እታገኝ በቀዶ ጥገና በሰላም ተገላገለች። ትንሽ ብትዘገዩ ልጅቷ አትተርፍም ነበር አሉን። እኔም አፍሬ፣ ኮርቼ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ አለቀስኩት።

የክርስትናዋ ድግስ ላይ ሽማግሌዎቹ የልጅቷን ስም የጠየቁት ወደ እኔ እያዩ ነበር። እኔ ወጡን ማማሰል ያዝኩ። እታገኝም ቀና ብላ «ደስታ ናት» አለቻቸው። ያን ጊዜ ብታያት እንዴት ደስ ባለሽ።

ደስታ ከፍ ስትል አያቷ ማን እንደነበረች የምትነግራት እናቷ ትሁን ብያለሁ። እኔም አልረሳሽም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ አንቺን እያሰብኩ አዳምጣለሁ። የምጨምረው ካለኝም፣ እታገኝ ስትጠይቀኝ ነው።

ታላቋ ልጅሽ