«ደህና ነኝ» የምንለው ስድስት ወሩ እንዳይቀርብን ነው

ለተከበሩ የክሊኒኩ የሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እንደሚመስለኝ ደህና ነዎት፤ ቢያምዎትም «አመመኝ» ሲሉ የሚያምንዎት አያጡም። እኔም በእናንተ መዝገብ ደህና ነኝ። በደሜ ያለው የኤች አይ ቪ ቫይረስ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ ለዚህም መድኃኒቱን ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ «ኪኒን ዘላ ነው» እንዳይሉ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ወገብ ስለካ ስለምውል የገዛ ሰውነቴ ሲለወጥም አይጠፋኝም። መድኃኒቴ ከተቀየረ ወዲህ የወር አበባዬ መጀመሪያ ተዛባ፣ ኋላም ጭራሽ ቀረ። እርግዝና አይደለም፤ ቢሆንማ ደብዳቤዬ የደስታ ነበር። እኔና ባለቤቴ ልጅ እንፈልጋለን፣ ዕድሜዬም አርባን እየተጠጋ ነው። ከመድኃኒቱ ይሁን፣ ከዕድሜዬ ወይም ከሌላ በሽታ ማወቅ ፈልጌ ብጠይቅ የተደረገልኝን ውለታ በቅደም ተከተል እነሆ፦

አንደኛ፣ ነገሩን ለሲስተር ብነግራት ወደ ምክር ክፍል ሰደደችኝ። እዚያም ኪኒን መዝለል ምን እንደሚያስከትል ግሩም ትምህርት ተሰጠኝ። ዘልዬ እንደማላውቅ ብናገር «ታዲያ ምን ያነጫንጭሻል?» ተባልኩ። ከዚያ ለደህነኛ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው የስድስት ወሩ መድኃኒት ቀርቶብኝ፣ «ክትትል ያስፈልጋታል» ተብሎ በየወሩ እንድመላለስ ተፈረደብኝ። ክትትሉ እንኳን ማህፀኔን ፊቴንም ቀና ብሎ አላየም። በየወሩ ሱቄን ስዘጋ ግን ጎረቤቶቼ በሚገባ እየተከታተሉኝ ነው።

ሁለተኛ፣ እዚያው የሚታከመው ባለቤቴ ራሱን ቢያዞረው መድኃኒቱን በዕለቱ ቀየራችሁለት፤ የስድስት ወሩንም በፌስታል ይዞ ወጣ። እሰይ፣ ዳነልኝ! ግን የእሱ ራስ ሲዞር ሕመም፣ የእኔ ማህፀን ሲቆም ንጭንጭ የሚሆንበትን ሳይንስ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የእኛም ጥፋት አለበት። ወረፋ የምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ሳቂታ የምንላት ሴት አለች። ደሟ አልቆም ካላት ሰንብቷል፤ ሁልጊዜ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ተራዋ ሲደርስ ግን ስቃ «ደህና ነኝ» ብላ፣ የስድስት ወሯን ይዛ ትወጣለች። አዲስ የመጣችውንም «ስለ ታች እንዳትነግሪያቸው፣ በየወሩ ያመላልሱሻል» ብለን የምንመክር እኛው ነን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ነቀዘ። ባለፈው ወር ኮሪደሩ ላይ የለጠፋችሁትን ማስታወቂያ ደግሜ አነበብኩት። አዲሱን መድኃኒት በተመለከተ ከሴቶች የቀረበ ቅሬታ የለም ይላል። እንዴት ይኖራል? የተናገረችውን ቀጥታችሁ፣ ዝም ያለችውን ሸልማችሁ!

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔ ጠርጥሬያለሁ። የምጠረጥረው ኪኒኑን ብቻ አይደለም፤ ምናልባት እሱ ነፃ ይሆናል። ጭንቅ የሆነብኝ እናንተ ሳታውቁ ቀርታችሁ ነው ወይስ ማወቁ አልተመቻችሁም የሚለው ነው። ኮሪደር ላይ አስቁሜ ብጠይቅዎት «በሕይወት መኖርሽ አይበቃሽም?» ብለውኛል። አይበቃኝም፣ ጌታዬ። መድኃኒቱን በየቀኑ የምውጠው ለመኖር ነው፤ ልጅ መውለድ ደግሞ ከመኖር አይቆጠርም ያለኝ እስከ ዛሬ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ኪኒኔን አላቋርጥም፤ በዚህ እንዳያስፈራሩኝ። የምለምነው የማህፀን ሐኪም እንዲያየኝ፣ ደሜ እንዲመረመርና ምክንያቱ መድኃኒቱ ከሆነ የሚስማማኝ እንዲፈለግልኝ ነው። መልሱ «ጊዜው አልፏል» ከሆነም ከሐኪም አፍ ልስማው።

ውድ ጊዜዎን በሴቶች ጉዳይ ስላባከንኩብዎ ይቅርታዎን በመለመን፣ ለትዕግሥትዎና ለማይሰማው ጆሮዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ፣
ከአግዳሚው ጫፍ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን አግዳሚው ላይ ያለነው ሴቶች ሁሉ የሆነብንን ለመናገር ተማምለናል። ሁላችንንም ወደ ምክር ክፍል ለመስደድ ካሰቡ ክፍሉ አይበቃንም፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ወንዶቹ እየሰሙ እንናገራለን። እኛ ማፈር ትተናል፤ ተራው የእርስዎ ነው።