የአረንጓዴው ውሃ መብራት

ሰኞ

ሁለተኛው ጠርሙስም ገረጣ። ትናንት እንደ ጎመን አረንጓዴ የነበረው ዛሬ የሽሮ ውሃ መስሏል። ከአምስት ጠርሙስ ሦስት ቀሩኝ። ጓደኛዬ ሙሉ የዓሣ ጫጩቶቹን ቅዳሜ ወንዛዬ ወዳለው ኩሬያችን ታመጣቸዋለች። ኩሬው ተቆፍሯል፣ ውሃ ሞልቷል፤ የጎደለው እርሾው፣ በጠርሙስ የማራባው አረንጓዴ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ የኔ ድርሻ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ ይሉታል። ጫጩቶቹ መጀመሪያ የሚበሉት ይህንን አረንጓዴ ውሃ ነው፤ ካጡት ያልቃሉ።

ሙሉና እኔ ከዓረብ አገር የተመለስነው አብረን ነው። እሷ ዳግመኛ አልሄድም ብላለች። እኔ ግን ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ። ኩሬው ካልሆነልን እሄዳለሁ። ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ

ምን አጠፋሁ? ውሃውን አፍልቼ አቀዝቅዣለሁ። ማዳበሪያው ቁንጥጫ ነው። አየር የምትነፋው ሞተር ደህና ናት። መብራቱማ ሌት ተቀን ይበራል። ደብረ ታቦር ላይ መብራት ባለ ጊዜ ማን ያጠፋል? ነገ ሊጠፋ ይችላል፤ እስካለ ይጥገቡበት። ዓረብ አገር ዓሣ የሚያረባው አሠሪዬ ቤት እንዲህ ያሉትን ጠርሙሶች የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። በገባሁ ቁጥር መብራቱን በርቶ ነው የማገኘው።

አባቴ አንድ ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ከተሠሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ሐኪሙ እስኪያሰናብታቸው እኔ ጋ ናቸው። ያለኝ አንድ ክፍል ስለሆነ አልጋቸው ከጠርሙሶቹ መደርደሪያ አጠገብ ነው። «ይኸ ፀሐይሽ አይጠልቅም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሳቅኩ። «ለዓሣዎቹ ነው አባቴ፣ ይታገሡኝ» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የዳቦ ቤቱ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

ረቡዕ

ሦስተኛውም ሄደ። ሊጥ ሳቦካ ሳስበው አደርኩ። ሙቀቱ ይሆን? ውሃው? ወይስ እጄ? ጠዋት መተኛት ሲገባኝ ጠርሙስ ሳጥብ ዋልኩ። ሙሉ ደወለች። «እንዴት ናቸው?» «ደህና ናቸው።» ዋሸሁ። አፈርኩ።

ሐሙስ

አራተኛውም።

የቀረችኝ አንዲት ናት፣ አባቴ ራስጌ ያለችው። እሷ ግን እንደ ሌሎቹ አልገረጣችም፤ ጭራሽ አረንጓዴዋ ጠቁሯል። የበለጠ ብርሃን ታግኝ ብዬ ከአምፖሉ ሥር ላደርጋት ሳነሣት አባቴ ከአልጋቸው ብድግ አሉ።

«ተያት! እሷን አትንኪያት!»

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ። «አንች ሥራ ስትሄጅ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል። ጋቢዬን መደርደሪያው ላይ እጋርደዋለሁ፤ ይች ጠርሙስ ከጋቢው ወዲህ ጨለማው ውስጥ ትቀራለች። ሲነጋ ሳትመጭ አነሣዋለሁ። ዕቃሽን አበላሸሁ እያልሁ ስፈራ ነው የሰነበትሁ።»

ቁጭ አልኩ። ዓረብ አገር ግድግዳው ላይ ሰዓት የምትቆጥር ትንሽ ሳጥን ነበረች። ማታ ማታ መብራቱን የምታጠፋው እሷ ነበረች ለካ! እኔ የምገባው በቀን ስለሆነ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። አራቱን ጨለማ ነስቼ የጨረስኳቸው ራሴ ነኝ፣ በደግነቴ።

«በሬ እንኳ ሲመሽ ይፈታል» አሉ አባቴ። ቀጥለው ባልተሸፈነው ዓይናቸው አየት አደረጉኝ። «አንችስ?»



ዓርብ

ግድግዳው ላይ ጻፍኩ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይብራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጥፋ። አሥራ ስድስት ሰዓት ብርሃን፣ ስምንት ሰዓት ጨለማ። ማጥፋቱ የአባቴ ሥራ ነው። አንዷን ጠርሙስ ለአራት ከፈልኳት።

ለሙሉ እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አንቺ ዳቦ ጋጋሪ አይደለሽ? ትንሽ እርሾ ስንት ሊጥ ያነሣል? አምጪው» አለች።

ቅዳሜ

ወንዛዬ ዋልኩ። አንዱን ጠርሙስ ኩሬው ውስጥ ገለበጥኩት፤ ወዲያው ጠፋ። ውሃው እንደነበረ ነው። ጫጩቶቹ ከምስር ፍሬ አይበልጡም።  ሙሉ በሕይወት ማደራቸውን ነገ ጠዋት አይታ ልትደውል ነው።

ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው፤ ዳቦ ቤት አልገባም። የፓስፖርቱን ነገር ለአባቴ ነገርኳቸው። ለካ ፍራሼ ሥር አይተውት ኖሯል።  «አራት ሰዓት ደርሷል፣ ላጥፋው?» አሉኝ። የምጽፈው እሳቸው ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ቆመው ነው።

እሑድ

የነቃሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። አባቴ መብራቱን በሰዓቱ አብርተውታል። ሦስቱም ጠርሙሶች አረንጓዴ ናቸው።

ሙሉ ገና አልደወለችም።