ውሸታም ያልኩት ሰዓት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 — ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ከእንጦጦ አሁን ወረድን። ስድስቱም ልጆች ደህና ናቸው፤ ወደየሥራ ክፍላቸው ገብተዋል። የኔ ጉልበት ግን ደህና አይደለም። አርባ አንድ ዓመት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ራጉኤል ከሃያ ዓመት ልጅ ጋር መሮጥ የእብድ ሥራ ነው። ልብስ ፋብሪካው ለዚህ ሥራዬ የሩጫ ክለቡ «ረዳት አሰልጣኝ» ይለኛል። ዋናው ማን ነው ብለሽ ጠይቂኝ፣ ደብተሬ። የለም። ማንን እንደምረዳ የሚያውቅ የለም።

ጓድ ሰይፉ (ጓ/ሰ.) አስጠራኝ። የስፖርት ኮሚቴያችን ሊቀመንበር። ውጭ አገር ስድስት ወር ኮርስ ወስዶ የተመለሰ። ከቢሮው እስከ መኪናው ካልሆነ ሲራመድ ያየው ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእጅ ሰዓቶች አስቀምጧል። ሁለቱም የልብ ትርታ ይቆጥራሉ አሉ። አንዱን ራሱ ከኮርሱ ለናሙና ያመጣው ነው፤ ደረት ላይ የሚታሰር መቀነት አለው፣ መቀነቱ ትርታውን እጅ ላይ ላለው ሰዓት ያለ ሽቦ ያስተላልፋል። ሌላው ከሾላ ገበያ ነጋዴ በውሰት የመጣ፣ በጅቡቲ የገባ። እሱ መቀነት የለውም፤ ጣት ሲያሳርፉበት ይቆጥራል። ክለቡ አንዱን ይገዛል። እኔ ሁለቱን አንድ ሳምንት ሞክሬ የትኛው እንደሚሻል አንድ ገጽ እጽፋለሁ።

«ሳይንሳዊ ሥልጠና» አለ። ሦስት ጊዜ አለ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ጣቴን አንገት ላይ አድርጌ ስቆጥር ኖሬያለሁ። ጣቴ ባትሪ አይፈልግም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

መቀነቱ ካልረጠበ አይሠራም። በጠርሙስ ውኃ ተሸክመን ዳገት ወጣን። ለሰዓት ውኃ! እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቆመው አዩን። ምን ያህል ሞኞች እንደመሰልናቸው አልጠየቅኋቸውም።

ጓ/ሰ. በመኪና ወጥቶ ራጉኤል አጠገብ ጠበቀን። ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። መቀነቱን እኔ አስሬ ላሳያቸው አለ። ለሴት ልጅ ደረት ሊቀመንበር አያስፈልግም አልኩት። ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ። እሱ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

የጣቱ ሰዓት የባሰበት ነው። ቆሞ፣ ጣት አሳርፎ፣ ትንፋሽ ውጦ መጠበቅ። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ምኑን ሮጠ? ጣት ከቀዘቀዘ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። እንጦጦ ላይ በጥቅምት ጠዋት የማይቀዘቅዝ ጣት ያለው ካለ ያሳዩኝ።

የመቀነቱ አምስቱን ልጆች ደህና ቆጠረ። 165። 170። ጌጤ ላይ ሲደርስ 228። ወዲያው 94። ከዚያ ባዶ። ከዚያ 215። ልጅቷ ፊቷ እንኳ ሳይለወጥ ትሮጣለች።

ጌጤ ምርጧ ልጃችን ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቦቿ ከሆሳዕና የመጡ፤ ስፌት ክፍል ጊዜያዊ ሠራተኛ ናት። ኅዳር ላይ በፋብሪካዎች ውድድር ካሸነፈች ቋሚ እንደምትሆን ጓ/ሰ. በሰው ፊት ቃል ገብቶላታል።

228 ሲል የጓ/ሰ.ን ፊት ብታዪ! ላብ ነው አለ። መቀነቱ ላልቶ ነው አለ። በመጨረሻ የልጅቷ ደረት ጠባብ ሆኖ ነው አለ። ከዓመት ወዲህ እንደዚህ ስቄ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ወረቀቱን ጻፍኩ። ለዚህ ሳምንት መጠበቅ ምን ያደርጋል? «በመቀነት የሚሠራው ሰዓት ውሸታም ነው። ሰው ከማስደንገጥ በቀር ለሥልጠና አይውልም። የጣቱ ይገዛ።» ፈረምኩ፣ ለጸሐፊው ሰጠሁ።

የጣቱን የመረጥኩት ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ጌጤ አርፋ ስትቀመጥ 72 አለ፤ ማንንም የማያስቀይም ጨዋ ዕቃ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ? የመረጥኩት የጓ/ሰ. ስላልሆነ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10 — ከሰዓት በኋላ

 

ጠዋት ወጣን። መቀነቱን ገና አልመለስኩም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ልሳቅበት ብዬ ጌጤ ላይ አሰርኩት። ሰዓቱ እኔ እጅ ላይ፣ አጠገቧ እሮጣለሁ። ከራጉኤል ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ዳገት እንኳ በሌለበት፣ እግሯ ተሳሰረ።

«እትዬ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለች። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እንጨት ተሸካሚ አንዲት ሴት ሸክሟን ጥላ መጥታ በነጠላዋ ታራግብላት ጀመር።

ምን ይሰማሻል አልኳት።

«እንደ ስፌት መኪና ይነዳል፤ ከዚያ ክሩ ይበጠሳል።»

ሁለት ጣቴን አንገቷ ላይ አደረግሁ። መቁጠር አልቻልኩም። ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሰዓቱን አየሁ። 221። ከዚያ 88። ከዚያ ባዶ። ጣቴ የሚነግረኝን ነው የሚለው።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከነሐሴ ጀምሮ። ለምን አልነገርሽኝም?

«ብነግርዎት ያስሮጡኝ ነበር?»

 ሰዓቱ ረቡዕ ዕለት ነግሮኛል። እኔ ስቄበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሆስፒታል ወሰድናት፤ እኔና እናቷ። አራት ሰዓት ሙሉ ወረፋ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ እዚያው ሊቀር ነው እስክል አዳመጠ። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን፣ ቀጥሎም መጋጠሚያዋን ያማት ነበር ወይ አለ። እናቷ አዎ አሉ፤ ብርድ ነው ብለን ቅቤ ቀባናት።

ያ የልጅነት ሕመም ልቧ ላይ ወርዶ፣ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም አለ። በየወሩ መርፌ ትወስዳለች። ሩጫ የለም። ኅዳርም የለም፣ ከኅዳር በኋላም የለም። ጌጤ አላለቀሰችም። ጫማዋን ታያለች።

መቼ አወቃችሁ ብሎ ሐኪሙ ጠየቀኝ። እሑድ አልኩት። ውሸታሙ ማን እንደሆነ እንግዲህ አንቺው ፍረጂ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

የሐኪሙን ወረቀት ለጓ/ሰ. ሰጠሁት። እስከ ግማሹ አንብቦ አስቀመጠው። ሐኪም ሁልጊዜ ያስፈራራል አለ። ኅዳርን ትሩጥና ከዚያ በኋላ ታርፋለች አለ። ዋንጫውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ ቁም ሣጥኑ ላይ አስጠርጓል፤ በዓይኔ አየሁ።

የራስዎ ሰዓት ሳይቀር አሳይቷል አልኩት። መሳቢያውን ከፈተ። የኔን ወረቀት አወጣ።

«‹ውሸታም ነው›» ብሎ አነበበ። «ይህ ፊርማ ያንቺ ነው፣ ጓድ ሮማን?»

የኔ ነው።

«ታዲያ ውሸታም ሰዓት አሳየ ብለሽ ነው ልጅቷን ከውድድር የምታስወጪብኝ?»

ወጣሁ። እስከ ቀበና ድልድይ እሱን ስሰድብ ሄድኩ። ከድልድዩ ወዲያ ራሴን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ነገ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ቀኑን ሙሉ አሰብኩ። ይህ ሰው ከዋንጫ የበለጠ የሚወደው ነገር አለ፤ ትክክል ነበርክ መባል። ያንን ልሰጠው ነው። ከጌጤ መርፌ ይልቅ ይሄ ያማል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሰባቱ አባላት ባሉበት ተነሣሁ። ተሳስቻለሁ አልኩ። የጻፍኩትን አነሣለሁ አልኩ። እኔ ከነሐሴ ጀምሮ አጠገቧ እየሮጥኩ ያላየሁትን ሕመም ጓድ ሊቀመንበር ያመጡት ሰዓት በአንድ ጠዋት አገኘው አልኩ። «ሳይንሳዊ» የሚለውንም አልኩ። አጨበጨቡ። ሞኞች።

ጓ/ሰ. እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ፤ ገና ከውጭ ሲያመጣው ይህን አስቦ እንደነበር፣ የሚያምነው አጥቶ እንደነበር። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ ጠየቅሁ።

«እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዓትዎ ታማለች ያላትን ልጅ እናስሮጣታለን?»

ሰባቱም ወደ እሱ ዞሩ። 

«በፍጹም» አለ። ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ። ሰዓቱም ይገዛ ተባለ።

የቋሚነቱን ነገር አነሣሁ። ለአሸናፊ ነው የተባለው አለ። ስብሰባው ተዘጋ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ወደ እንጦጦ አልወጣሁም። ወንዙ ዳር ያለው የጌጤ ቤት ሄድኩ። ስደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ሳንኳኳ ዝም አሉ። የጴንጤ መዝሙር ያሳስራልና፣ ቀበሌ መስያቸው ነበር። እኔ መሆኔን ሲያዩ እናቷ ግቢ ልጄ አሉኝ፤ ቆሎ አቀረቡ።

ጌጤ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። አልወጣችም። ለመጋረጃው ነገርኩት፦ ረቡዕ ዕለት ሰዓቱ ነግሮኝ እንደነበር፣ እንደሳቅሁ፣ አራት ቀን ተጨማሪ እንዳስሮጥኳት፣ ለሐኪሙም እንደዋሸሁ። እናቷ ቆሎውን ቀና ብለው ሳያዩኝ ይለቅሙ ነበር።

«እሺ፤ አሁን ምን ልሁን?» አለች ጌጤ።

  ወረቀት አላችሁ ወይ አልኩ። ታናሽ እህቷ ከደብተሯ ሁለት ገጽ ቀደደችልኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ለአስተዳደር ማመልከቻ ጻፍኩ። ልጅቷ የታመመችው ለክለቡ ስትሮጥ እያለች መሆኑን፣ ምልክቱን አይቼ ችላ ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ስፌት ክፍል ተቀምጣ ለመሥራት ሐኪም እንዳልከለከላት፤ ስለዚህ ቋሚ ትሁን። ከሥራዬ ያስወጣኝ ይሆናል። ጓ/ሰ. ደስ ይለዋል፤ ይበለው።

ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት አስተዳደር በር ላይ እገኛለሁ። ፈርቼ እንዳልቀር ግን፣ ራሴን አውቀዋለሁና፣ ሁለት ቅጂ ጻፍኩ፤ አንዱን ፈርሜ ለእናቷ ትቼላቸው መጣሁ። ነገ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ መጥቼ አስገባሁ ካላልኩዎት፣ ይዘውት ወደ አስተዳደር ይሂዱ ብያለሁ።